አንድ ረድፍ ጡብ

ክብሪት የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡላት የሰፈር ልጆች ናቸው፤ ገና ሲነኳት ስለምትነድ። ካደገችም በኋላ ስሙ አልለቀቃትም። የማዕድን ዋሻው አስጎብኚ ሆና በተቀጠረች ዕለት ሥራ አስኪያጁ፣ "እዚያ ውስጥ ክብሪት ይዞ መግባት ክልክል ነው" ብሎ ቀለደባት። እሷ ግን ሳትስቅ ሄልሜቷን አጥልቃ ገባች።

ዋሻው የቆየ ነው። ተራራውን ሰዎች ለብዙ ትውልድ እንደ ምስጥ ቦርቡረውታል። መጀመሪያ ብሩን አወጡ፤ ቀጥሎ እርሳሱን፤ በመጨረሻ ከነጭ ድንጋይ ውስጥ እየተፈለቀቀ የሚወጣውን ጥቂት ወርቅ። የሚወጣው ሲያልቅ ኩባንያው ዘግቶ ሄደ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ባዶው ጉድጓድ ራሱ ገበያ ወጣ። አሁን ሰው የሚመጣው ለማየት ነው። ቢጫ ሄልሜት ይደፋል፣ ድሮ ድንጋይ ትጭን በነበረችው ትንሽ ባቡር ላይ ጉልበቱን አጥፎ ይቀመጣል፣ እየተንገጫገጨ ወደ ተራራው ሆድ ይገባል።

ክብሪት ከፊት ሆና ታወራለች። የጥንቶቹ ቆፋሪዎች በመዶሻና በመሮ ብቻ የፈለፈሉትን፣ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ታሳያለች። ግድግዳው ላይ የሚያብለጨልጨውን ጥቁር ድንጋይ በባትሪ እያበራች "ይሄ እርሳስ ነው" ስትል፣ ከተማሪዎቹ መሐል አንዱ "መጻፊያው?" ማለቱ አይቀርም። "አይ፣ መጻፊያው ልጅ ያስተምራል፤ ይሄኛው እናት ያሳምማል" ትላለች። ልጆቹ ይስቃሉ። እሷ ግን የእናቷ እጅ ትዝ ይላታል፤ የሻይ ብርጭቆ ሲይዝ የሚንቀጠቀጠው። እናቷ በወጣትነቷ እደጅ ባለው መጋዘን፣ ጠረጴዛ ላይ ከሚዘረገፈው ድንጋይ እርሳሱን በባዶ እጇ ስትለቅም የኖረች ሴት ነች።

ሦስተኛው መተላለፊያ ላይ ባቡሯ ትቆማለች። እዚያ መንገዱ በግንብ ያልቃል። ከወለል እስከ ጣሪያ ቀይ ጡብ ነው። ክብሪት በላዩ የተለጠፈውን የነሐስ ሰሌዳ በቃሏ ትለዋለች። "በዚህ ቦታ በተነሳ ቃጠሎ አምስት ሠራተኞች ወዲያውኑ ሕይወታቸው አለፈ። እሳቱ እንዳይዛመት መተላለፊያው በሦስት ረድፍ ጡብ ተዘጋ። አስከሬናቸውም በዚያው በክብር አርፏል።" ጎብኚዎቹ ሄልሜታቸውን ያነሳሉ፤ አንዳንዱ ፎቶ ይነሳል፤ ባቡሯ ወደ ኋላ ትመለሳለች።

ከአምስቱ አንዱ አባቷ መሆኑን ለአንድም ጎብኚ ተናግራ አታውቅም። አባቷ የድጋፍ አናጢ ነበር፤ ጣሪያው እንዳይናድ ግንድ እየለካ፣ እየቆረጠ ከድንጋዩ ሥር የሚያቆም። እሱ ሲሞት እሷ ገና ፊደል አልቆጠረችም። የምታስታውሰው የእንጨት ሙጫ ሽታውን ብቻ ነው። "ስንት ሥራ እያለ እዚያ ጉድጓድ ምን አስገባሽ?" ሲሏት "ስንት ሥራ አለና?" ትላለች። እውነቱ ሌላ ነው። ሰው ሁሉ አባቱ የተቀበረበትን ያውቃል፤ አበባ ይወስዳል፣ ሣር ይነቅላል። እሷ ያላት ግንብ ነው። በቀን ሦስት ጊዜም አራት ጊዜም ሄዳ ትቆምበታለች፤ ለዚያውም ደሞዝ እየተከፈላት።

እናቷ ስለዚያ ቀን የምታወራው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። "ወዲያው ነው የሞተው፤ አልተሰቃየም።" ክብሪት በልጅነቷ በሌሊት ስታለቅስ እናቷ ጀርባዋን መታ መታ እያደረገች የምታስተኛት በዚህች ነበር።

ከዋሻው የቀድሞ ሠራተኞች አሁንም በሥራ ላይ ያለ አንድ ብቻ ነው፤ ድማሚት። ድሮ ድንጋይ ሰርሳሪ ነበር፤ አሁን ውኃ የሚስበውን ፓምፕ ይጠብቃል። ድማሚት ያሉት ሲናገር ስለሚጮህ ነው፤ የሚጮኸው ደግሞ ስለማይሰማ ነው። የዕድሜ ልክ መሰርሰሪያ ጆሮውን በልቶታል። "ደህና አደርክ ጋሼ?" ስትለው "አዎ፣ ይዘንባል" ይላታል። ልጅ ሆና ደብተር የገዛላት፣ ጣሪያቸው ሲያፈስ የሚወጣላቸው እሱ ነው። ከአምስቱ መሐል የእሱም ታናሽ ወንድም አለበት።

አንድ ቀን ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠራት። ከረባት አስሯል።

"ዛሬ ትልቅ እንግዳ አለን" አላት። "የድሮው ዋና ኢንጂነር። አዲሱን አዳራሽ በስማቸው ልንሰይመው ነው፤ ነገ ምረቃ አለ። አንቺ ነሽ የምታስጎበኛቸው። እባክሽን…"

"እባክሽን ምን?"

"እባክሽን ዛሬ እንዳትነጂ።"

ኢንጂነሩ ሰማንያን ያለፉ፣ ግን ወገባቸው ያልጎበጠ፣ ጫማቸው የሚያበራ ሽማግሌ ነበሩ። ባቡሯ ላይ ከክብሪት ጎን ተቀመጡ፤ ሥራ አስኪያጁ ከኋላ። እያንዳንዱን መታጠፊያ ያውቁታል። እሷ "እዚህ ብር ይወጣ ነበር" ስትል እሳቸው ድንጋዩ በየት አቅጣጫ ተጋድሞ እንደነበር በእጃቸው ያሳዩአታል። ስትሳሳት በትሕትና ያርሟታል። እንዲያውም ወደደቻቸው። የአባቷን ዘመን የሚያውቅ፣ ጮክ ብሎ ሳይሆን ረጋ ብሎ የሚያወራ ሰው አግኝታ አታውቅም።

ግንቡ ጋ ደረሱ። ባቡሯ ቆመች። ክብሪት የሰሌዳውን ቃል አለችው። ሽማግሌው ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"'ወዲያውኑ' የምትለዋ ቃል እስከ ዛሬ አለች?"

"ከኩባንያው የድሮ መግለጫ ነው የወሰድነው" አለ ሥራ አስኪያጁ ከኋላ።

"እሷማ ለጋዜጣ የተጻፈች ናት። ወዲያው እንኳ አልነበረም። ጠንካራ ሰዎች ነበሩ። ቀናት አንኳኩ እኮ።"

ክብሪት በትክክል የሰማች አልመሰላትም። "ምኑን ነው ያንኳኩት?"

"ግንቡን ነዋ። ከውስጥ።"

ከጣሪያው ውኃ ጠብ ይላል። ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እሳቱስ?" አለች ክብሪት። ድምፅዋ የጎብኚ ድምፅ ሆኖባታል። "እሳቱ መቼ ጠፋ?"

"በማግስቱ ሳይጠፋ አልቀረም። ጭሱ ቆሞ ነበር።"

"ማንኳኳቱ ግን ከዚያም በኋላ ነበር።"

"ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልተከፈተም?"

ኢንጂነሩ እንደ መምህር ወደ እሷ ዞሩ። "ልጄ፣ ቢከፈት ፍሙ አየር አግኝቶ ሊነሳ ይችል ነበር። በርግጥ ላይነሳም ይችላል። ግን ሥራው ለሳምንታት ይቆማል። ወርቁ የተገኘው ደግሞ ያን ሰሞን ነው፤ ባለቤቶቹ ጠዋት ማታ ይደውላሉ። በአንድ በኩል አምስት ሰው፣ በሌላ በኩል የከተማው ሁሉ ጉሮሮ። አንድ ሰው መወሰን ነበረበት። ወሰንኩ። አሁንም ብሆን ያንኑ ነው የማደርገው።"

"ሰዉስ? ሚስቶቻቸውስ?"

"እነሱማ በር ላይ ተኮልኩለው ይጮሁ ነበር፤ 'ድምፅ አለ' እያሉ። ስለዚህ ከሠራተኛው መሐል የሚታመን ሰው መርጠን፣ ገብቶ ጆሮውን ግንቡ ላይ ለጥፎ እንዲያዳምጥ አደረግን። ድማሚት የሚሉት ሰርሳሪ ነበር፤ ወንድሙም ውስጥ ስለነበር ሰው ሁሉ ያምነዋል።" ሳቅ አሉ፤ ክፋት የሌለበት፣ የሽማግሌ ሳቅ። "ጆሮው ድፍን ነበር። ሥራውን እንዳያጣ ይደብቀዋል እንጂ፣ ሐኪሙ ነግሮኝ አውቃለሁ። ወጣና 'ምንም የለም፣ ሁሉም አልቀዋል' አላቸው። ከልቡ ነው ያላቸው። አልዋሸም። ማንም አልዋሸም።"

ሰዎች ክብሪት ስትቆጣ ፊቷ ይቀላል፣ ድምፅዋ ተራራ ይሰነጥቃል ይላሉ። ያን ጊዜ ግን እንደዚያ አልሆነችም። ከእግሯ ጀምሮ በረዶ የወጣባት ያህል ቀዘቀዘች። ከባቡሯ ወረደች፣ ከሽማግሌው ፊት ለፊት ቆመች።

"አንተ" አለችው።

ሥራ አስኪያጁን ከማንኳኳቱ ወሬ ይልቅ ይሄኛው አስደነገጠው። "ምን ማለት ነው? ለእኚህ አባት…"

"አንተ" አለች እንደገና፤ ዓይኗን ከሽማግሌው ሳትነቅል። "አናጢው አባቴ ነው።"

ኢንጂነሩ ሄልሜቱን አስተካከለ። ከዚህ በኋላ እኛም አንቱ አንለውም። "በጣም አዝናለሁ" አለ፤ መንገድ ላይ የሰው እግር እንደ ረገጠ ሰው። "ጎበዝ አናጢ ነበር።"

ክብሪት የባቡሯን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ ሥራ አስኪያጁ ጭን ላይ ጣለችው። "መንገዱን እሱ ያውቀዋል" አለችና ሐዲዱን ይዛ በእግሯ ወጣች።

የፓምፑ ክፍል ከዋሻው አፍ አጠገብ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው። ድማሚት በርጩማ ላይ ተቀምጦ የፓምፑን ቀበቶ እየቀባ ነበር። ፊቷን ሲያይ ብድግ አለ።

"ጋሼ፣ ሲያንኳኩ ነበር" አለችው።

"እ?"

"ሲያንኳኩ ነበር። ግንቡን።"

"ፓምፑን? ፓምፑ ደህና ነው።"

አንገቱን አቅፋ ጆሮው ውስጥ መጮህ ነበረባት። አንዳንድ ነገር አለ፣ በሹክሹክታ ካልሆነ የማይነገር። እሷ ግን ያንን ነገር በጩኸት፣ ቃል በቃል፣ ደጋግማ መናገር ነበረባት። "ቀናት አንኳኩ። ወንድምህ። አባቴ። በሕይወት ነበሩ። አንተን የመረጡህ ስለማትሰማ ነው። ያውቁ ነበር።" ሄልሜት የምታድለው ሴት ደጅ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰማች። ቲኬት ሊቆርጡ የተሰለፉ ጎብኚዎችም ሰሙ። ከሁሉም መጨረሻ የገባው ለእሱ ነው።

ድማሚት ተመልሶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲናገር ሰማችው።

"ግንቡ ይነዝር ነበር" አለ። "ጉንጬን ስለጥፈው ጡቡ ውስጥ የሆነ ነገር ይነካኝ ነበር። የራሴ ልብ መሰለኝ።"

ቅባት የነካ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ጥግ ላይ የቆመውን ዲጂኖ ተመለከተ፣ "ነገ ጠዋት" አለ።

ክብሪት አመሻሹ ላይ ቤት ስትገባ እናቷ ኩሽና ውስጥ ድንች ትልጥ ነበር። ቢላዋው በሚንቀጠቀጠው እጇ ላይ ስለሚያስፈራ ክብሪት ሁልጊዜ ትቀማታለች፤ ያን ቀን ረሳችው። ቆማ ነገረቻት። እናቷ ልጣጩን ሳታቋርጥ አዳመጠች።

"ማነው ያለው?" አለች በመጨረሻ።

"ራሱ። ኢንጂነሩ።"

"ሽማግሌ ነው፤ ጃጅቷል።"

"አልጃጀም እማዬ። ከእኔም ከአንቺም የሰላ ነው።"

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ግንቡን እናፈርሰዋለን።"

እናቷ ቢላዋውን አስቀመጠች። "አትነኪውም።"

"እማዬ፣ ውሸት ነው እኮ የነገሩን።"

"ውሸት መሆኑን የማላውቅ ይመስልሻል?" አለች እናቷ። "እኔም በር ላይ ነበርኩ። ከተኮለኮሉት አንዷ ነኝ። 'ድምፅ አለ' ያልኩት እኔ ነኝ። ድማሚት ወጥቶ 'የለም' ሲል ከሁሉም ቀድሜ ያመንኩትም እኔ ነኝ፤ ለምን መሰለሽ? ባላምን ምን ላደርግ ነበር? አንቺን ይዤ፣ በማግስቱ ተመልሼ እዚያ ጠረጴዛ ላይ የእነሱን ድንጋይ ልለቅም። 'ወዲያው ነው' አልኩ። እያልኩ እያልኩ እውነት አደረግሁት። በዚያች ቃል ላይ ተኝቻለሁ፣ አንቺንም በእሷ ላይ አሳድጌሻለሁ። አሁን ልትቀሚኝ ነው?"

"እኔ አይደለሁም የቀማሁሽ።"

"አንቺ ነሽ። እሱማ ውሸቱን ትቶልኝ ነበር።"

ድንቹ ግማሹ ተልጦ፣ ግማሹ እንዳለ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ያን ማታ በልተው አልተኙም፤ ተኮራርፈውም ቢሆን አንድ አልጋ ላይ አደሩ፤ ሌላ አልጋ የላቸውም።

ጠዋት ክብሪት መጀመሪያ ወደ ቢሮ ሄደች። "በደግ ጠይቄ ቢከለክለኝ ይሻላል" ብላ ነው። ሥራ አስኪያጁ እንቅልፍ አጥቶ ያደረ ይመስላል። ምረቃው ከሰዓት ነው፤ ወንበሩ እየተደረደረ፣ ድምፅ ማጉያው እየተሞከረ ነው።

"አይሆንም" አላት። "ግንቡ ቅርስ ነው። የተመዘገበ ቅርስ። አንድ ጡብ ብትነኪ ወንጀል ነው።"

"ከኋላው ያሉትስ ተመዝግበዋል?"

"አንቺ ልጅ፣ የሆነው ሆኗል። ሽማግሌው ነገ ተነገ ወዲያ ይሞታል። እኛ ግን እዚሁ ነን፤ ይሄ ዋሻ ነው የሚያበላን።"

"ልክ እንደ እሱ ነው ያወራኸው" አለችው። "እሱ ጉሮሮ አለ፣ አንተ መብላት አልክ።" ለእሱም አንቱታው ቀረ።

"ከገባሽ ተባረሻል።"

"ከገባሁ አልወጣም፤ ማንን ታባርራለህ?"

የዋሻው አፍ ላይ ድማሚት ብቻውን ይጠብቀኛል ብላ ነበር። ብቻውን አልነበረም። የትናንቱ ጩኸት በከተማው አድሮ ነበር። ከአምስቱ የአንዱ፣ የፈንጂ አቀጣጣዩ ሴት ልጅ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ዱቄት የነካ ልብሷን ሳትቀይር መጥታለች። ከሟቾቹ ወንድማማቾች የነበሩት የሁለቱ ልጆችም መጥተዋል፤ አንዱ ሾፌር፣ አንዱ ግንበኛ። ማንም ንግግር አላደረገም። ሄልሜት የምታድለዋ ሴት፣ ሳትጠየቅ፣ ለእያንዳንዳቸው ሄልሜት ሰጠቻቸው።

ግንቡን ያፈረሱት እንደ ቁጣቸው አልነበረም። ድማሚት አስቀድሞ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ በሳ፤ ውስጥ የታመቀ መጥፎ አየር ካለ ሰው እንዳይገድል የአየር መለኪያ አስገብቶ ጠበቀ። አየሩ ደህና ሲሆን ግንበኛው በመሮ ሲሚንቶውን ከጡቡ ዙሪያ መፈልፈል ጀመረ። ክብሪት ጡቡን እየተቀበለች ለሾፌሩ፣ ሾፌሩ ለዳቦ ጋጋሪዋ ያቀብላሉ። አንደኛው ረድፍ ደረታቸው ድረስ ሲወርድ ግንበኛው እጁን አስገባና ቆመ።

"ሁለተኛው ረድፍ የለም" አለ።

"እንዴት የለም?"

"የለም። ባዶ ነው።"

ክብሪት ባትሪዋን አስገብታ አየች። ሰሌዳው ሦስት ረድፍ ይላል። ሦስት ረድፍም ተገንብቶ ነበር፤ ሁለቱ ግን ከውስጥ ተነቅለዋል። ግማሽ የመተላለፊያ ስፋት ያህል፣ ከወለል እስከ ሰው ትከሻ ድረስ፣ ጡብ በጡብ ተፈልቅቀው ወጥተዋል። የወጡት ጡቦች ጎን ላይ ተደርድረዋል፤ አልተወረወሩም፣ አልተበተኑም፤ ሰው እንዳይደናቀፍባቸው ታስቦ ተደርድረዋል። ወለሉ ላይ ጫፉ የተጣመመ መሮና እጀታው የተሰበረ መጥረቢያ አለ። አናጢ ነው መጥረቢያ ይዞ የሚገባው።

አንድ ረድፍ ጡብ ነበር የቀራቸው። ከዚህ በኩል ሰው ቆሞ በዲጂኖ ቢመታው እኩለ ቀን ሳይሆን የሚወድቅ አንድ ረድፍ።

ክብሪት ያን ጊዜ ነደደች። ዲጂኖውን ከድማሚት እጅ ነጥቃ የቀረውን ጡብ ትመታው ጀመር፤ አታወጣም፣ አታስተካክልም፣ ትመታዋለች ብቻ። የጡቡ ስባሪ ፊቷ ላይ ይፈናጠራል። ማንም አላስቆማትም። ስትደክም ራሷ ቆመች፤ መንገዱም ተከፈተ።

አምስቱ ራቅ ብለው፣ ጭስ ያልደረሰበት ጥግ ላይ ነበሩ። አራቱ ጎን ለጎን ተጋድመው ኮታቸው ፊታቸው ላይ ተደርጓል። አምስተኛው ተቀምጧል፤ የሚያለብሰው ሰው አልነበረም። የቀረው አጥንትና ጫማ፣ ልብስና ቀበቶ ነው። ክብሪት ከአንዱ ወደ አንዱ በባትሪ ሄደች። አባቷን ለይታ የምታውቅበት ነገር የላትም፤ ይሄም ሌላ ንዴት ሆነባት። ድማሚት ግን ከተጋደሙት በአንዱ አጠገብ ተንበረከከና እጁን ጫማው ላይ አደረገ። "የእኔ ነው" አለ። "ጫማው የእኔ ነው፤ እኔ ነኝ ያዋስኩት።" እናም ጮኸ፤ የተራራው ሆድ ሁሉ መለሰለት፤ እሱ ግን መልሱን አልሰማም።

ሥራ አስኪያጁ ሁለት ፖሊስ አስከትሎ ደረሰ። "ቅርስ ሲያወድሙ ነው ያገኘናቸው" እያለ ገባ። በዕድሜ የሚበልጠው ፖሊስ በተከፈተው ቀዳዳ ጎንበስ ብሎ የተደረደሩትን ጡቦች አየ፤ ከዚያ ሰዎቹን አየ፤ ኮፍያውን አወለቀ። "ከዚህ ውጣ" አለ።

"ማን? እነሱ?"

"አንተ። ይሄ አሁን የወንጀል ቦታ ነው።"

እናቷ የመጣችው ከቀትር በኋላ ነው። ማን እንደነገራት አልታወቀም፤ ከተማው ሁሉ ያውቅ ነበር። ከኮረዳነቷ ጀምራ ለኩባንያው ስትሠራ ሴት ዋሻ ውስጥ ከገባች ገደ ቢስ ናት ተብሎ አንድ ቀን እንኳ አስገብተዋት አያውቁም። ሐዲዱን ይዛ፣ ሄልሜቱ ዓይኗ ላይ እየወረደ፣ በሾፌሩ ክንድ ተደግፋ ደረሰች። ክብሪትን ቀና ብላ አላየቻትም። በቀዳዳው ገባች። አራቱን አለፈቻቸው፤ የተቀመጠው ፊት ስትደርስ ቆመች። ሹራቡ ክርኑ ላይ በሌላ ቀለም ክር ተደርቷል።

"ክር አልቆብኝ ነው" አለች። "ግራጫ አጥቼ በቀይ ሰፋሁለት። 'ምን ችግር አለው፣ እዚያ ታች ማን ያየኛል' አለኝ።"

ከዚያ ወደ ግንቡ ተመለሰችና፣ ከውስጥ በኩል፣ ተፈልፍሎ የወጣውን ሲሚንቶ በሚንቀጠቀጠው ጣቷ ዳሰሰችው። ከላይ እስከ ታች ዳሰሰችው። አላለቀሰችም።

"የት ነው ያለው?" አለች።

ማንን ማለቷ እንደሆነ ሁሉም አወቁ።

ወደ አዳራሹ ሄዱ፤ ከነአቧራቸው፣ ከነዱቄታቸው፣ ድማሚት ከነዲጂኖው። ወንበሩ ተደርድሯል፣ አበባው ተቀምጧል፣ ድምፅ ማጉያው ብቻውን እንደ ጢንዚዛ ይጮሃል። ኢንጂነሩ ግን የለም። መኪናው ከሰዓታት በፊት ቁልቁለቱን ወርዷል። ለሥራ አስኪያጁ የተወው መልእክት ደም ግፊቱ መነሳቱን ብቻ ይናገራል። ክብሪት በሕይወቷ ብዙ ተቆጥታለች፤ የምትቆጣበት ሰው ሳይኖር መቆጣት ግን ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። ከቁጣ ሁሉ የከፋው ይህ ነው።

ድማሚት ከአዳራሹ በር በላይ ያለውን የተሸፈነ ሰሌዳ ጨርቁን ገፎ፣ መሰላል አምጥቶ፣ ስሙን ፊደል በፊደል ፈለፈለው። በጠራራ ፀሐይ፣ ፖሊሶቹም፣ ሥራ አስኪያጁም እያዩ። ማንም ተው አላለውም፤ ቢለውም አይሰማም።

ሥርዓተ ቀብሩ ሲፈጸም ከተማው ሁሉ ነበር። ሕጉ ግን ከከተማው ጋር አልነበረም። መርማሪዎች መጡ፣ ግንቡን ፎቶ አነሱ፣ የክብሪትንና የሥራ አስኪያጁን ቃል ተቀበሉ፤ ሥራ አስኪያጁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ላመስግነው፣ የሰማውን አልካደም። በመጨረሻ ዓቃቤ ሕጉ ክብሪትን ጠርቶ ጉዳዩ በይርጋ የታገደ መሆኑን ነገራት። ዘመን አልፎበታል ማለት ነው።

"ግንቡ ዘመን ካለፈበት ለምን ቅርስ ተባለ?" አለችው። "ሰው ሲሞት ጊዜው ያልፍበታል፤ ጡብ ሲሞት ይመዘገባል።"

ዓቃቤ ሕጉ ወጣት ነው። "እኔ አይደለሁም ሕጉን ያወጣሁት" አለ፤ አንገቱን ደፍቶ። እሷም አንቱ ብላው ነበር፤ ለእሱስ አዘነችለት። ኢንጂነሩ በተከታዩ ዓመት አልጋው ላይ፣ በልጅ ልጆቹ ተከቦ ሞተ። ጋዜጣ ላይ ፎቶው ወጣ።

ክብሪትን አባረሯት፤ ከጥቂት ወራት በኋላ መልሰው ለመኗት። የሚመጣው ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ግንቡ ነው፤ እሷን የተካው ልጅ ደግሞ ሲጠይቁት ላብ በላብ ይሆናል። "እመለሳለሁ፤ ግን የነሐሱን ሰሌዳ አንሱት፤ የምለውን የምመርጠው እኔ ነኝ" አለች። ሥራ አስኪያጁ "እሺ" አላት።

እናቷ ግን ቶሎ አልታረቀቻትም። እንቅልፏ ጠፋ። ሌሊት ተነስታ ትቀመጣለች፤ አንዳንዴ ጣቷ የአልጋውን ጠርዝ ይመታል፤ ስትጠየቅ "እጄ ነው፣ የታወቀ ነው" ትላለች። አንድ እሑድ ክብሪት ምሳ እየሠራች ሳለ እናቷ ከኋላዋ መጥታ ቆመች።

"እንቅልፌን ወሰድሽብኝ" አለቻት።

"ወሰድኩብሽ" አለች ክብሪት፤ ዞር ሳትል።

"ይቅርታ አትዪኝም?"

"አልልሽም። ይቅርታ የሚለው ሰው ሞቷል።"

ክብሪት፣ ደግሞ ልትሄድ ነው፣ ደግሞ ሳምንት ልታኮርፈኝ ነው ብላ ጠበቀች። እናቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ሁለት ረድፍ አፍርሷል እኮ" አለች። "በዚያች መጥረቢያ።"

"አዎ።"

"ቤት ውስጥ ሚስማር ምታልኝ ብለው ሳምንት ይፈጅበታል።"

ክብሪት ዞር ብላ አየቻት። እናቷ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየላትም፤ ምናልባት ሁለቱንም ነበር። ደጅ ላይ ድማሚት ለምሳ መጥቶ፣ በሩ ክፍት መሆኑን እያየ፣ እንደ ልማዱ ሰፈሩ እስኪሰማ "ቤቶች" እያለ ይጣራ ነበር።